ሁለት ጯሂ በአንድ ስፒከር

ከሰል ላይ የጋለ የመበየጃ ካውያ እርሳስ ሲነካ የሚወጣው መራራ ጢስ፣ ዛሬም በጥገና ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር ድንገት ያገኘኝና ደባርቅ ገበያ ዳር ወደነበረው የአባቴ ሬዲዮ መጠገኛ ይወስደኛል። መብራት የሚመጣው ከመሸ ስለነበር አባቴ ካውያውን በከሰል እያጋለ፣ ከሞቱ ሬዲዮዎች ሆድ የሚያወጣውን ትራንዚስተርና ሽቦ በጣሳ እያጠራቀመ ይሠራ ነበር። ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለአንተነህም ከዚያው ጣሳ ለቃቅሞ፣ ጣውላ ላይ ቸንክሮ አንድ አንድ «ጯሂ» ሠራልን፤ የባትሪ ድንጋይ ሲገባለት ያለ ማቋረጥ ከመጮህ በቀር ሌላ ሥራ ስላልነበረው ስሙን ያወጣነው እኛው ነን። የእኔው በወፍራሙ ያጉረመርማል፣ የአንተነህ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ቀጭንና እልኸኛ ነበር።

በዚያው ክረምት አባቴና እናቴ ተለያዩ። እናቴ አስተማሪ ነበረችና ወደ አዲ አርቃይ ተዛውራ አንተነህን ይዛ ሊማሊሞን ቁልቁል ወረደች፤ እኔ «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ አባትሽን ማን ያበላዋል?» ተብዬ ቀረሁ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጉሙ ቀኑን ሙሉ ደጃፋችን ላይ ተኝቶ ይውላል፣ አባቴ ከቀድሞውም ቁጥብ የነበረው አፉ ጭራሽ ተዘጋ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የምናገረው ሰው አጥቼ ከድስት ጋር አወራ ነበር። ወንድሜ ጯሂውን ትቶልኝ ስለሄደ፣ ቤቱ የሁለት ልጆች ቤት እንዲመስለኝ ሁለቱን ባንድ ላይ ላስጮህ ቆረጥኩ።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሁለቱንም ከአንድ ስፒከር ጋር አገናኘኋቸው፣ የአንተነህ ጩኸት ግን የእኔን ዋጠው። ከአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ ማዞሪያ ነቅዬ በእሱ መስመር ላይ አስገባሁና ቀነስኩት፤ ለሳምንት ያህል ተስማምተው ሰነበቱና እንደገና የእኔው ሲሰወርብኝ አሁንም የእሱን ቀነስኩ። በእኛ ሰፈር ያለቀ ድንጋይ አይጣልም፣ ካብ ላይ ፀሐይ ይሞቅና ነፍስ ይዘራል ይባላል፤ እኔም ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ከአዲስ አይለይም ብዬ አምኜ፣ አባቴ አልፎ አልፎ የሚሰጠኝን አዲሱን ድንጋይ ለወንድሜ ድርሻው ነው እያልኩ ለእሱ ጯሂ አደርግና ለእኔው ካብ ላይ የሰነበተውን እሰጠው ነበር።

በጋው ሲገባ ሁለቱ እኩል ሆኑ። ጆሮ ካልተደገነ አይሰሙም እንጂ፣ አንዱ ሌላውን አይጫነውም ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ አባቴ «አንተነህ ለፋሲካ ይመጣል። ከወደደ እዚሁ ይቀራል፣ እናታችሁም ምርጫውን ለእሱ ትታለች» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ የእሱ ድምፅ ከእኔው ጎን ሲሰማ ቦታው እንዳለ ያውቃል፣ ካወቀም አይሄድም ብዬ ነበር።

ቆላው አጥቁሮት፣ ቁመቱም ደርሶብኝ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጎትቼ ወሰድኩትና አስጮህኩለት። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

«የእኔስ የታል?»

«ይኸው፣ ቀጭኑ።»

«አይደለም እታለም፣ የእኔ እኮ ይጮህ ነበር። ይሄ ታሟል።»

«ቀንሼው ነው። እንዲስተካከል ብዬ።»

«ከማን ጋር?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ኳስ ሊጫወት ወጣ።

በፋሲካ ማግስት፣ በማዕዶት ሰኞ ጠዋት፣ እቀራለሁ ሳይል ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድ ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈረ። ተናድጄ ስለነበር ከደጃፋችን ስሜው፣ መኪናው ሳይነሳ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ከእኔው ጯሂ ድንጋዮቹን አውጥቶ በእጅ ባትሪ ሞከራቸው፤ አምፖሏ ቀላች እንጂ አልበራችም። «ያንቺ ነው እኮ የደከመው፣ የልጁን ለምን አፈንሽው?» አለኝና፣ ከመደርደሪያው አዲስ አውርዶ ከተተልኝ፣ የአንተነህንም ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሁለቱም ቤቱን ሞሉት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለረጅም ጊዜ ቆመ፣ እኔ ግን መታገሥ አቅቶኝ አለቀስኩ።

አሁን ጎንደር ነው የምኖረው፤ አባቴ አርፏል፣ አንተነህ መተማ ላይ ነጋዴ ሆኖ በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ያኔ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ሽቦ ስቀጥልና ስነቅል ከርሜ የእሱን ድምፅ ከእኔው ማመጣጠን ችያለሁ፣ «ቅርልኝ» የምትለዋን ቃል ግን ከአፌ አላወጣኋትም። ባለፈው በስልክ፣ እየቀለድኩ አስመስዬ፣ ያኔ ብለምንህ ትቀር ነበር ወይ አልኩት።

«መኪናው እስኪነሳ በመስኮት ሳይሽ ነበር እኮ» አለኝ፣ «አንቺ ግን ገባሽ።»