ወደ ውስጥ የሳብኩት አዎንታ

የዕብራይስጥ ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። ከሱቅ ጽሑፍና ከአውቶቡስ ግንባር እየለቀምኩ ራሴ ተማርኩት። እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ ከሕንጻችን ሰው ሁሉ ቀድሞ ጋዜጣ ያነበበው እኔ ነኝ፤ ጉራ የመሰለው ጎረቤቶቼን ይጠይቅ።

አንድ ቀን ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ሳይጠቅመኝ ልዋረድ ምንም አልቀረኝም። ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ስድስት ልጆች ይዤ ሥራ አላገኘሁም። በቴል ሞንድ በኩል ያለ የብርቱካን ማሸጊያ ቤት ሰው ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። አለቃው በልጅነቱ ከሞሮኮ የመጣ ሰው ነበር።

"ሳጥን ማንሳት ትችላለህ?" አለኝ።

እኔም እንደ ጎንደር ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ።

"ከባድ ነው እኮ።"

ደግሜ ሳብኩ።

"ጎህ ሲቀድ ትደርሳለህ?"

አሁንስ አጥብቄ ሳብኩ፣ እንዲያምነኝ።

ብዕሩን አስቀመጠ። "አንተ ሰው አስም አለብህ። እዚህ ሞተህ እንድታስጠይቀኝ አልፈልግም። ሂድ፣ ታከም።"

ብርቱካን ስትለይ የነበረች አንዲት ሴት ሰምታ መጣች። ሩሲያ ሳለች ሐኪም ነበረች፤ እዚህ ፈቃድ እስክታገኝ ነው እዚያ የምትሠራው። ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች። ሚስቴ ብታየን ኖሮ የእውነት ሐኪም ያስፈልገኝ ነበር።

"ይህ የበሬ ሳንባ ነው" አለችው። እኔ ድሮም አውቀው ነበር። ወደ እኔ ዞራ "ታዲያ ለምን እንዲህ ትተነፍሳለህ?" አለች።

"'ኬን' ማለቴ ነው። እኛ አገር አዎ የምንለው እንዲህ ነው።"

"ሦስቱንም ጊዜ?" አለ አለቃው።

"ሦስቱንም ጊዜ።"

እስኪያስለው ሳቀ። "እናቴ እንቢ ስትል ምላሷን 'ጭ' ታደርግ ነበር። ስንመጣ መዝጋቢው ስድብ መስሎት አስወጣት። አልጋ ሳይሰጡን ስንት ቀን መሬት ላይ ተኛን።" ሳቁ ጠፋ። "ነገ ና። ስትመልስልኝ ግን አፍህን ክፈት።"

ዘጠኝ የብርቱካን ወቅት እዚያ ሠራሁ፤ በሳጥን ድርደራ የቀደመኝ የለም። ልጆቼ በዚያ እንጀራ አደጉ። በእኛ ላይ ክፉ ቃል የተናገረ ሰው አልጠፋም፣ አልክድም። እኔ የማነሳው ግን እነዚያን ሁለቱን ነው።

ሴትዮዋ ፈቃዷን አግኝታ ክሊኒክ የገባች ቀን የመጀመሪያ በሽተኛዋ ልሆን ሄድኩ፤ ምንም ሳያመኝ።