የጾመኛው ሽሮፕ

ጎረቤታችን መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነገር የለም። ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታቸው ወጥተው አስፋልቱ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ባጃጅ ጠጋኙን ሞተሩ ለምን እንደሚያጓራ፣ ዓሣ ሻጯን አምባዛ ለምን ቅርፊት እንደሌለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሲያገኙ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው፣ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው ደስ እያላቸው ይሄዳሉ። ባለፈው ኅዳር ግን ጥያቄያቸው ሁሉ አንድ ሆነ፤ «ይህ ሳል ለጽዮን ይለቀኝ ይሆን?»

በከተማችን ሐይቅ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን የኅዳር ጽዮንን ማኅሌት ለብዙ ዘመን የመሩት አረጋዊ መምህር ጉልበታቸው ስለደከመ «ዘንድሮ አንተ ምራ» ብለዋቸው ነበር። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በዚያች በዓል ግን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ቆመው ከመቀበል በቀር መርተው አያውቁም። ያችን ቀን በልባቸው ሲጠብቋት እንደ ኖሩ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ታውቃለች። ቀኗ ስትቃረብ የሐይቁ ነፋስ ያመጣው ጉንፋን ጣላቸው። ራስ ምታቱ፣ ትኩሳቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደረቅ ሳሉ።

መታመማቸው ሲሰማ ጠያቂው በዛ። ብርቱካን ይዞ የመጣም አለ፤ አብዛኛው ግን ከኪሱ ክኒን አውጥቶ «እኔን ያዳነኝ ይኸ ነው» እያለ ራስጌያቸው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ፋሲሎ ሰፈር የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ደግሞ ሽሮፕ ይዛ መጣች።

«ለሕመሙም ለሳሉም ነው አጎቴ። በቀን ሦስት ጊዜ።»

መሪጌታ የሰውን ደግነት መመለስ አይችሉም። ክኒኑንም ሽሮፑንም ይወስዱ ጀመር። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም፤ ስለዚህ ሦስቱንም ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረጉት። ጾም ሲፈቱ አንድ፣ ከራት በኋላ አንድ፣ ሊተኙ ሲሉ አንድ። በየመካከሉም የጠያቂው ክኒን አለ።

አንድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የሽሮፑን ካርቶን በአንድ እጃቸው፣ የክኒኑን እሽግ በሌላው ይዘው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ተቀመጡ።

«አንቱ፣ ፈረንጅኛም ጀመሩ?» አለች ወይዘሮ ሙሉነሽ።

«እስቲ ዝም በይ። ይኸን ቃል እዚያኛውም ላይ አይቸዋለሁ።»

የፈረንጁን ፊደል አልተማሩም። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት ድጓ ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ከመስመሩ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ሲያስተያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው የሚመሳሰለውን ይለያል። ቃሉ የሚጀምረው መቋሚያ በመሰለ ፊደል ነው፤ ቀኝ ትከሻው ላይ ክብ ነገር ተሸክሟል። እሱን ተከትሎ የሚመጣውን ሁሉ በጣታቸው እየተከተሉ ከሁለቱም ላይ አመሳከሩት። ሌላ ጠያቂ ያመጣውን እሽግ አነሡ። እዚያም አለ።

«ሙሉነሽ» አሉ በዝግታ፣ «ሁለት ሦስት መድኃኒት እያልን አንዱን ደጋግሜ እየዋጥሁት እንዳይሆን።»

ያገኙትን ሁሉ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሚስታቸውን አስከትለው በመንገዳችን ጥግ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄዱ። ባለሙያዋ ሊድያ ትባላለች፤ ከአዳማ ለሥራ የመጣች ወጣት ናት። ቋጠሮው ሲፈታ ሳቋ መጣባትና መልሳ ያዘችው።

«መሪጌታ፣ ሱቅ ሊከፍቱብኝ ነው እንዴ?»

«ይህ ቃል ምን ይላል ልጄ?»

«ፓራሲታሞል።»

«ይኸኛውስ?»

«እሱም ፓራሲታሞል። ያኛውም እንደዚያው።» ሳቋ ጠፋ። «ሽሮፑ ውስጥ ሁለት መድኃኒት ነው ያለው። አንዱ ለሕመምና ለትኩሳት፣ አንዱ ለሳል።»

«እንደ ግራና ቀኝ ማኅሌታይ በአንድ ጠርሙስ ቆመዋል በይኛ! የሳሉ ምን ያደርጋል? ጉሮሮዬን ይጠግነዋል?»

«አይጠግንም። ሳልን የሚያዝዝ ቦታ አንጎል ውስጥ አለ፤ እሱን ረጋ በል ይለዋል እንጂ ጉንፋኑን አያድነውም።»

«ሳልም መሪ አለው ማለት ነው!» አሉ መሪጌታ፤ ለአፍታ ሕመማቸውን ረሱት።

ሊድያ ግን በተራዋ መጠየቅ ጀመረች። «በቀን ስንቴ ወሰዱ?»

«እንደተባለው ሦስት ጊዜ።»

«ጠዋት፣ ቀትር...»

«ልጄ፣ ጾም አይደለም እንዴ! የጾመኛ ቀን የሚጀምረው በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ሊድያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የመድኃኒቱ ቀን ግን ሙሉ ሌሊትና ቀን ነው። የቀኑን መጠን በአንድ ምሽት ጨረሱት፤ ክኒኑ ሲጨመርበት ደግሞ አለፈ። በምን እየሰፈሩ ነበር?»

«በሾርባ ማንኪያ» አለች ወይዘሮ ሙሉነሽ።

«አብሮት ትንሽ ስፍር ነበር እኮ፣ ክዳኑ ላይ የተደፋች።»

«ወይኔ! እሷንማ ጥቁር አዝሙድ እየሰፈርሁባት ነው!»

መሪጌታ ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ቀደማቸው። ሲበርድላቸው ሊድያ ነገሩን ግልጽ አደረገችው። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ደኅና መድኃኒት ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ጉበት ይጎዳል፤ ጉዳቱም ወዲያው ስለማይሰማ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ «ነገ» ሳይባል ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸውን መታየት አለባቸው፤ እስከዚያ ከቋጠሮው አንድም አይነኩም።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ለድብርት ወይም ለጭንቀት የሚሰጡ አንዳንዶቹ ከሳሉ መድኃኒት ጋር አይስማሙም።»

«የእኔ ጭንቀት ኅዳር ጽዮን ናት። ለእሷ መድኃኒት አለሽ?»

«ለእሷ እርስዎ ይጸልዩ። ጠላ ግን ይቅርብዎት፤ በዓልም ቢሆን።»

ቀኑን ጤና ጣቢያ ዋሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉበታቸው አልተነካም። የመረመራቸው ሐኪም ሽሮፑን ብቻ ከማግሥቱ ጀምሮ እንዲወስዱ ፈቀደላቸው፤ ሊድያም አወሳሰዱን አስረዳቻቸው። ጾማቸውን ሳይሽሩም ይቻላል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዴ በስፍሯ ልክ፣ ከዚያ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቆይተው አንዴ፤ ሰዓቱ ያለፈው ይለፍ፣ በኋላ አይካካስም። ያዞራል፣ ያስተኛልም፤ ስለዚህ ማኅሌት ሊቆሙ ሲሉ አይወስዱም። ሳሉ ከሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ትኩሳቱ ከተመለሰ ወደ ሐኪም።

የዋዜማው ዕለት ትኩሳቱ የለም፤ ሳሉ ግን አለ። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ማኅሌቱ ሲሄዱ ሽሮፑም በቦርሳቸው ነበር። በግራ በኩል የሚመራው የቀድሞ ተማሪያቸው ምሥጋና ሲያስሉ ሰምቶ ጠጋ አለ።

«የኔታ፣ ከዚያ ጠርሙስ አንድ ሁለቴ ጎንጨት ቢያደርጉለትስ? ይቺ ቀን እኮ አትደገምም።»

መሪጌታ ጠርሙሱን አወጡት። የጠበቋት ቀን በአንድ ጉንጭ የምትገዛ መሰላቸው። አገላብጠው አዩት፤ መቋሚያ የመሰለውን ፊደል በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ መልሰውም ቦርሳው ውስጥ ከተቱት።

«ድምፅም ጉበትም የሰጠኝ አንድ ነው፤ አንዱን ለአንዱ አልሸጥም። ብቻ አንተ ዓይንህን ከእኔ ላይ አታንሣ።»

ሊነጋጋ ሲል ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ሳለ ያች የጠበቋት ዜማ ደረሰች። ጀመሯት። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ግን አልታጠፈም። ከፍ ወዳለው ቦታ ሊወጡ ሲሉ ሳሉ ከደረታቸው ሲነሣ ተሰማቸው። መቋሚያቸውን ወደ ግራ ዘርጋ አደረጉ። ምሥጋና ትንፋሽ ሳይቋረጥ ተቀበላቸው፤ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አስለው፣ ሲበርድላቸው ከታች ገብተው ከእሱ ጋር ጨረሱት። እኛ ከውጭ የቆምነው ዜማው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሻገር ብቻ ሰማን።

ከቅዳሴ በኋላ ምሥጋና እየሳቀ መጣ።

«የኔታ፣ አረጋዊው መምህር ጠሩኝ። "ያንን ቅብብል ማን አስጠናችሁ? እንዴት ያምራል!" አሉኝ።»

«ምን አልሃቸው?»

«የሳሉ መሪ አልኋቸው።»

መሪጌታ ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ጥቁር አዝሙዱ የታጠበላትን ትንሽ ስፍር ከመቀነቷ ፈትታ ጠርሙሱ ላይ ደፋቻት።

«ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው» አለቻቸው።