ወይዘሮ ኦርሌታ ሽጉጥ ሲመርጡ

ወይዘሮ ኦርሌታ ስታምፐር ዶሰን ሚል በምትባል ትንሽ የኦክላሆማ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። ከተማው ውስጥ ዕድሜው ከአርባ አምስት በታች የሆነ ሰው በሙሉ ማለት ይቻላል በእሳቸው አውቶቡስ እየተመላለሰ ነው ያደገው። ማን ማስቲካ ከወንበር ሥር እንደለጠፈ፣ ማን የማንን ጸጉር እንደጎተተ፣ ማን ከሽርሽር ሲመለሱ በማን ጫማ ላይ እንዳስመለሰ እስከ ዛሬ አልረሱም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሳይታወቀው እጁን ከኪሱ ያወጣል።

ባለቤታቸው ቬስተር ከሞቱ ስድስት ዓመት፣ እሳቸው ጡረታ ከወጡ ደግሞ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አዛውንቶች ቤተ ክርስቲያኗ የምታዘጋጀውን ምሳ በአሮጌ ፒክአፕ መኪናቸው ያደርሳሉ። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቤቱ የተራራቀ ነው፣ ስልክም የሚሠራው ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው።

የሽጉጡን ነገር ያመጣችው ታናሽ እህታቸው ጁኔል ናት። በመጋቢት ወር አንድ ሌባ የጁኔልን ጋራዥ ሰብሮ ትልቁን ማቀዝቀዣ ክረምቱን ሙሉ ከተጠራቀመው የአምባዛ ዓሣ ጋር ጭኖ ሄደ። ጁኔል ጠዋት ባዶውን ቦታ አይታ በመታጠቢያ ቤት ጋውን እየሮጠች እህቷ ቤት ደረሰች።

“ዛሬ አምባዛዬን የወሰደ ሰው ነገ አንቺን አይምርም!”

“እኔን ምን ያደርገኛል? ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደሆነ አልገባለት።”

“ቀልጂ! አንቺ ብቻሽን በዚያ ጭር ባለ መንገድ ስትዞሪ እኔ እንቅልፍ የለኝም።”

“ትናንት ቴሌቪዥኑ ፊት ስታንኮራፊ ውሻሽ ፈርቶ እኔ ጋ የመጣው ታዲያ ምን ሆኖ ነው?”

እንዲህ ይበሉ እንጂ ነገሩ ሆዳቸው ገብቷል። በዚያው ሳምንት ወንዙ ማዶ ምሳ አድርሰው ሲመለሱ፣ ታርጋ የሌለው መኪና እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትሏቸው ነበርና። ለጁኔል አልነገሯትም። ጠመንጃ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ የቬስተር የአደን ጠመንጃ ዛሬም ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ሰው ሳያይ ገላ ላይ የሚያዝ ሽጉጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ቅዳሜ ለሽጉጥ ፈቃድ የሚያበቃ ሙሉ ቀን ኮርስ ወሰዱ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ወደ ኮይ ፕሩወት የጦር መሣሪያና የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ሄዱ።

ኮይ የአርባ አራት ዓመት ጢማም ሰው ነው። በሩ ላይ ሲያያቸው ሲበላ የነበረውን ሳንድዊች ከባንኮኒው ሥር ደበቀ።

“እንኳን ደህና መጡ እትዬ ኦርሌታ! ሽጉጥ ፈልገው እንደሆነ ጁኔል ደውላ ነግራኛለች። ለእርስዎ የሚሆነውን ለይቼ አስቀምጫለሁ።”

ከሳጥን አውጥቶ መስታወቱ ላይ ያስቀመጠው መዳፍ የማትሞላ ሮዝ ሽጉጥ ነበረች። ወይዘሮ ኦርሌታ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

“ኮይ።”

“አቤት።”

“ይቺን ይዤ ሌባ ላይ ባወጣ፣ እጁን የሚያነሣ ይመስልሃል ወይስ ‘መልካም ልደት’ ብሎ የሚዘፍንልኝ?”

“ሴቶች ይወዷታል ብዬ እኮ ነው። ቀላል ናት፤ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ትልልቆቹን ማቀባበል ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል፣ እርስዎን...”

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ወይዘሮ ኦርሌታ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደው ትልቁን ጥቁር ሽጉጥ አነሡ። ባዶ መሆኑን አዩ። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙረው የላይኛውን ብረት በአንድ ጊዜ ስበው አቀባበሉት። ቀጭ የሚለው ድምፅ ሱቁን ሞላው።

“ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ በር በእጄ እየሳብኩ ከፍቻለሁ። አንተ ሦስት ጊዜ ቦርሳህን በሩ ላይ ያስያዝከውን ጨምሮ።”

ኮይ ሮዟን ወደ ሳጥኗ መለሳት።

የዓሣ ማጥመጃ ትል ሊገዙ መጥተው የነበሩ ሁለት ሰዎች ይህን ጊዜ ጠጋ ጠጋ አሉ። እዚያ አገር ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ካዩ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ሳይሆን አይቀርም። አንደኛው ጥይቱ ትልቅ መሆን አለበት አለ፤ ሌላው የጥይቱ ቁጥር ነው መብዛት ያለበት አለ። የመጀመሪያው የአጎቱን ልጅ ምስክር ጠራ። ሁለተኛው የዚያ የአጎት ልጅ የገዛ ፒክአፑን ጎማ ተኩሶ እንደመታ አስታወሰ። ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ።

“ቁጭ በሉ!” አሉ ወይዘሮ ኦርሌታ።

ሁለቱም ወዲያው ተቀመጡ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ወንበር ግን አንድ ብቻ ነው።

ኮይ ስድስት ዓይነት ሽጉጥ ይዞ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው የተኩስ መለማመጃ ወሰዳቸው። ትንንሾቹ ለመሸሸግ ቢመቹም ሲተኩሱባቸው እንደ በቅሎ ይራገጣሉ፤ አንዷማ አውራ ጣታቸውን ሸረከተቻቸው። ትልልቆቹ እጅ ላይ ይረጋሉ፣ ኢላማውንም ደህና አድርገው ይመታሉ፤ ግን ወገብ ላይ ሲታሰሩ ጆንያ የተሸከሙ ያስመስላሉ። ወይዘሮ ኦርሌታ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ፣ እያነሡና እያስቀመጡ፣ ቀኑ መሸ። በመጨረሻ ከሁለተኛ እጅ ዕቃ መካከል አንዲት የብረት ሽጉጥ አገኙ፤ ጥይቷ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባ፣ አጭር አፈሙዝ ያላት፣ ጠንከር ያለች። ቃታዋ ቶሎ አይሳብም፤ ሲሳብ ግን አይንገራገጭም። አምስት ተኩሰው አራቱን መሃል ላይ አሳረፉ።

“እትዬ፣ እሷ እኮ የምትይዘው አምስት ብቻ ነው” አለ ኮይ።

“አምስት ተኩሼ ካልመታሁ ስድስተኛው ምን ሊሠራልኝ ነው? ያን ጊዜ መሮጥ ነው።”

ገዙ። እንዲህ ሲታይ የተገላገሉ ይመስላል፤ ጣጣው ግን የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሽጉጧ ተመረጠች፣ የት ትቀመጥ?

መጀመሪያ ወገባቸው ላይ ሞከሯት። ወይዘሮ ኦርሌታ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚለብሱት ላስቲክ ያለው ሱሪ ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ብረት አይሸከምም። ገበያ አዳራሹ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ የበቆሎ ዱቄት ለማውረድ እጃቸውን ሲዘረጉ ሱሪው በቀኝ በኩል መውረድ ጀመረ። በአንድ እጃቸው ዱቄቱን፣ በሌላው ሱሪውን ይዘው እስከ መኪናቸው እንደ ሸርጣን በጎን ተራመዱ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰሯት፤ ክብደቷ ስላስነከሳቸው ያየ ሁሉ “ጉልበትዎ ባሰብዎት እንዴ?” እያለ ያስቆማቸው ጀመር። ቦርሳቸው ውስጥ እንዳያደርጓት ኮርሱ ላይ አስጠንቅቀዋቸዋል፤ እሳቸውም ቦርሳቸውን ያልረሱበት ቦታ የለም።

“አንድ ሌላ አለ” አለ ኮይ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡበት። ጆሮው ቀላ። “ካታሎግ ላይ ነው ያየሁት። ከጡት... ከዚያ... ከልብስ ሥር ከደረት በታች የሚታሰር የሽጉጥ ማህደር ነው።”

“ምን ያሽኮረምምሃል? እዘዘው።”

ማህደሩ ማክሰኞ መጣ። ኮይ በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አቀበላቸው። የሚገርመው፣ ሠራ። ሰፊ ሸሚዝ ሲለብሱበት ጁኔል እንኳ ዙሪያቸውን ዞራ አይታ ምንም አላገኘችም። ሽጉጥ ይዞ መግባት በማይፈቀድበት ቦታ መኪናቸው ውስጥ ይቆልፉባታል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን ፈቃድ ያለውን አትከለክልም።

እሑድ ዕለት ከስብከቱ በኋላ የፓስተር ክሊተስ ባለቤት ማርቬል መጣች። ማርቬል ሰው ሰላም ስትል በእጅ አይደለም፤ ጥምጥም ብላ አቅፋ፣ ጭምቅ አድርጋ ነው። ወይዘሮ ኦርሌታን ስታቅፍ ከደረታቸው ሥር አንድ ጠጣር ነገር ነካት። እጇን ሳትለቅ ፊቷ አመድ መሰለ።

“እህት ኦርሌታ” አለች በሹክሹክታ፣ “ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?”

ወይዘሮ ኦርሌታ እንደነቃችባቸው ገመቱ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ከማክሰኞ ጀምሮ።”

“ያማል?”

“ስቀመጥ ትንሽ ይወጋኛል። እየቆየ ይለመዳል አሉኝ።”

“ጌታ ሆይ! ማን ያውቃል?”

“ጁኔልና ኮይ ብቻ። አደራሽን ለሰው እንዳትነግሪ።”

“ከእኔ አይወጣም” አለች ማርቬል ዕንባዋ ግጥም ብሎ።

ለሽጉጥ ይሄ ሁሉ ዕንባ ምንድን ነው ብለው ተገረሙ፣ ግን ማርቬል በትንሽ በትልቁ ማልቀስ ልማዷ ስለሆነ ረሱት።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አንዲት የመዘምራን አባል በምድጃ የተጋገረ ፓስታ በትሪ ይዛ ቆማለች። “አይዞዎት” ብላ አቀብላቸው ሄደች። ቀጥሎ ዶሮ በሩዝ መጣ። ቀጥሎ የኮክ ፓይ። እስከ ማክሰኞ ማታ ዘጠኝ ትሪ ደረሰ፤ እያንዳንዱ ሥሩ ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፎበታል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ በጭስ የበሰለ ሥጋ ይዞ መጣና በረንዳው ላይ እንደቆመ ማልቀስ ጀመረ።

“እትዬ፣ ሳልነግርዎት... ማለቴ፣ ጊዜው ሳያልፍ... ያን ጊዜ አራተኛው ወንበር ላይ በቢላ የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ።”

“አውቃለሁ እኮ። የቀረጽከው ስምህን ነው።”

ነገሩ የተገለጠላቸው ጁኔል ረቡዕ ከሰዓት በሩን በርግዳ ስትገባ ነው። ዓይኗ አብጧል።

“እኔ እህትሽ አይደለሁም? ካንሰር ይዞሽ ከጸጉር ቤት ልስማ?”

“ማንን ነው ካንሰር የያዘው?”

“አንቺን ነዋ! ማርቬል በእጇ ነክታዋለች! እብጠቱ እንደ ድንጋይ ነው አሉ!”

ወይዘሮ ኦርሌታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘጠኙን ትሪ አንድ በአንድ አዩ። ጁኔል ቀድማ ገባት፤ አፏን በእጇ ይዛ ስትንፈራፈር፣ ማልቀሷ ይሁን መሳቋ ለጊዜው አልለየም።

“አንድም ቃል እንዳይወጣሽ” አሏት። “ተነሺ፣ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ።”

የረቡዕ የጸሎት ጉባኤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። አዳራሹ እንደ ትንሣኤ ዕለት ሞልቷል። ፓስተር ክሊተስ መነጽራቸውን አድርገው የጸሎት ርዕሶቹን ከፈቱ፤ የመጀመሪያው የወይዘሮ ኦርሌታ ነው። ወይዘሮ ኦርሌታ ብድግ አሉ። በዚያ ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው ነበር። ሰዉ ለእሳቸው ብሎ ምግብ ሠርቷል፣ አልቅሷል፤ ሳያስቡት ያታለሉት መሰላቸው።

“ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ። ግን አልታመምኩም። እህት ማርቬል የነካችው እብጠት አይደለም፤ ሽጉጥ ነው።”

ከኋላ ጁኔልን ሳቋ በአፍንጫዋ አመለጣት።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አሉ ፓስተር ክሊተስ። ትንሽ አሰቡና “ማህደር ውስጥ ነው አይደል?” ሲሉ ጨመሩ።

“በደንብ ነው ያለችው።”

“የምን ስሪት ናት?” አለ አንድ ድምፅ ከግራ። “ስንት ትይዛለች?” አለ ሌላ ከቀኝ። “አምስት? አምስትማ አይበቃም!” አለ ሦስተኛው። ግማሹ ጉባኤ ወደ ግማሹ ዞሮ ክርክሩ ደራ፤ ፓስተሩ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መምታት አስፈለጋቸው።

ያልሳቀች ማርቬል ብቻ ነበረች። ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

“ሦስት ቀን ጾሜያለሁ፣ ኦርሌታ። ሦስት ቀን! ዝም ብሎ ሊቀር ነው?”

“አይቅር። ወደ ጉልበቴ አዙሪልኝ፤ እሱ የምር ያመኛል።”

ማርቬል ከንፈሯን ብትነክስም አልቻለችም፤ እሷም ሳቀች። ሊያቅፏት ሲሉ ግን እጇን ብቻ ዘረጋችላቸው።

በማግስቱ የድብቅ ሽጉጡን ነገር የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ትሪዎቹን ወይዘሮ ኦርሌታ ለአዛውንቶቹ አከፋፈሏቸው፤ ባዶዎቹንም አጥበው በየስማቸው መለሱ። የደረቱን ማህደር ተዉት፤ ለነገሩም ይወጋቸው ነበር። ኮይ አንድ ደረቅ የቆዳ ቀበቶ ሰጣቸው፣ እሳቸውም ቀበቶ ማስገቢያ ያለው ሱሪ ገዙ። ወገብ ላይ ያለውን የሚሸፍን ሸሚዝ ሲፈልጉ ግን ከራሳቸው ልብስ የሚሆን አጡ። እስከዚያ ቀን የቬስተርን ቁም ሣጥን ከፍተው አያውቁም። ከፈቱት። የቬስተር ባለ ካሬ የጥጥ ሸሚዞች እንደተሰቀሉ ናቸው። አንዱን ለበሱና እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፉት። መስታወት ፊት ቆሙ፤ ሽጉጥ አይታይም። ከመስታወቱ ፊት ግን ቶሎ አልሄዱም። ከዚያ ወዲህ የአዘቦት ልብሳቸው እነዚያ ሸሚዞች ሆኑ።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። ታርጋ የሌለው መኪና ዳግም አልታየም፤ የጁኔል አምባዛም እንደጠፋ ቀርቷል። ሽጉጧ ከኮይ መለማመጃ ውጭ አንድም ጊዜ ከማህደሯ ወጥታ አታውቅም፤ ወይዘሮ ኦርሌታም እንድትወጣ አይመኙም። ወንዙ ማዶ የሚኖሩት የዘጠና ዓመቱ አቶ ኦረን ብቻ ምሳቸውን ሲቀበሉ ሁልጊዜ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

“ዛሬስ ይዘሻታል?”

“ባቄላው ይቀዘቅዛል፣ አቶ ኦረን።”

“አንዴ ብቻ አሳይኝ።”

“ይብሉ።”