ከፍ ላለችው መኪናችን ሻፍት ስንመርጥ

ባለቤቴ መኪናዋን ከፍ ያስደረጋት ለሥራው ብሎ ነው። የውኃ ጉድጓድ ቦታ የሚያጠኑ ባለሙያዎችን ይዞ ቆላ ይወርድ ነበር፤ ሆዷ የወንዝ ድንጋይ እየነካ ስላስቸገረው ረጃጅም ባሌስትራና ትልልቅ ጎማ አስገጠመላት። ካዛንቺስ ደጃችን ላይ ሲያቆማት ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አያት። እኔም ኮርቼ ነበር።

ኩራቴ ቀለበት መንገድ እስክንወጣ ድረስ ብቻ ቆየ። ፍጥነት ስትጨምር ከመቀመጫዬ ሥር የሆነ ነገር ማጉረምረም ጀመረ፤ ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በአጥንቴ ነበር የሚሰማኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጎማው ነው በቃ። ትልቅ ጎማ ይጮሃል።»

እሺ ብዬ ተውኩት። ግን ከዚያ በኋላ በመኪናዋ በሄድኩ ቁጥር እግሬን አንስቼ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ወለሉ የሚከፈት ይመስል።

አንድ ከሰዓት አማቴን ከሐኪም ይዘን እየተመለስን ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እዚያች ከፍታ ላይ የሚወጡት በርጩማ ረግጠው፣ በሁለታችን ተደግፈው ነው። ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው ዳገት ላይ መንገዱ ተዘጋጋና ቆምን። ከኋላችን ሰው የጫነ ታክሲ ተጠግቶናል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ ነዳጅ ሰጠ። ከሥራችን እንደ ጥይት ያለ ነገር ጮኸ፤ ብረት ከብረት ተጋጨ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

ፍሬን ያዘ። ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳበውና እግሩን ትንሽ ቀለል ሲያደርግ ግን እንደገና ወደ ኋላ ሄደች። የታክሲው ሾፌር ክላክሱን ሳያቋርጥ ነፋ።

«ጌታዬ!» አሉ አማቴ ከኋላ።

ባለቤቴ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «የእጅ ፍሬኑ አይዝም። እግሬን ማንሳት አልችልም። ውረጂና ድንጋይ አድርጊበት።»

«እማዬስ?»

«እሳቸውን ለማውረድ ጊዜ የለም። ውረጂ!»

ዘልዬ ስወርድ ጫማዬ አንዱ ወለቀ። ለታክሲው ሾፌር ሁለት እጄን እያወዛወዝኩ «ወደ ኋላ በል! ወደ ኋላ!» ስለው ገብቶት አንድ ክንድ ያህል ሸሸ፤ ከዚያ በላይ ቦታ አልነበረውም። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቼ ከኋላ ጎማው ሥር ለማድረግ ስጎነበስ ያ ጎማ ከፊቴ ይበልጥ ነበር። ባለቤቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያየኛል፤ ፍሬኑን የረገጠው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር መኪናዋም አብራ ትንቀጠቀጣለች። አሁን እግሩ ቢስትስ? እያልኩ እጄን ከጎማው ሥር አስገባሁ። ሁለተኛውን ድንጋይ የታክሲው ረዳት አመጣልኝ። ቆመች። አማቴን አራት ሰው ተሸክሞ አወረዳቸው።

መኪናዋን አስጎትተን ኦሎምፒያ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ወሰድናት፤ መካኒካችን፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ከሥር ገብተው ወጡና የሆነውን አስረዱን። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ረጅም የሚዞር ብረት፣ ሻፍቱ፣ መኪናዋ ከፍ ስትል ቁልቁል ተንጋዶ ቀርቷል። ጫፉ ላይ ያለችው መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራዋ፣ ያን ያህል መታጠፍ ስላልቻለች ተሰበረች። የዚያች መኪና የእጅ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ይህንኑ ብረት ነው። ብረቱ ሲለያይ ፍሬኑም አብሮ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

«ወይ ቶርኖ ቤት ወስደን ይሄንኑ አስበይደን እናስረዝመዋለን፤ ወይ ላይኛው ጫፉ ላይ ሁለት ክሮቼራ ጎን ለጎን ያለው፣ ለከፍታ ተብሎ የተሠራ ሻፍት ከውጭ ይመጣል። የመጀመሪያው ነገ ይደርሳል። ሁለተኛው እኔ እንጃ፣ ይቆያል።»

ባለቤቴ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዎች ይዞ ሊወርድ ነው። የተበየደውን መረጠ። እኔ ብየዳውን አየሁት፤ ብረቱ ወገቡ ላይ እንደ ቁስል ጠባሳ ዙሪያውን አብጧል። ለሙከራ ሲወጣ አብሬው ካልሄድኩ አልኩ።

በለገሃር በኩል ዞረን ወደ ሰፊው መንገድ ወጣን። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ከዚያ መስተዋቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ መሪው፤ ቀጥሎ የኔ ጥርስ። ያ ብረት ተገንጥሎ መሬት ቢወጋ መኪናዋን እንደሚገለብጣት መካኒኩ ነግረውን ነበር። እኔ የማስበው ይህን ብቻ ነው፤ ከመቀመጫችን ሥር ነው የሚዞረው።

«አቁም» አልኩት።

እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም።

«በልጆቻችን ይዤሃለሁ፣ አቁም!»

ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋና እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሳ ተቀመጠ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እናቴን ይዤ... እግሬ ሊከዳኝ ነበር እኮ።»

ያን ቀን ለአሠሪዎቹ ደውሎ አልሄድም አላቸው። ሌላ ሾፌር ወሰዱ። ያ ሾፌር እስኪመለስ ድረስ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ከረመ፤ ሥራው በዚያው እንዳይቀርበትም ፈርቶ ነበር።

ከውጭ የሚመጣውን ሻፍት ለማዘዝ ልኩ ሲወሰድ መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አላነሷትም፤ ስትነሳ ልኩ ስለሚለወጥ በጎማዋ ቆማ፣ ክብደቷን ተሸክማ ይሁን አሉ። ባለቤቴ ሜትሩን ይዞ ከሥር ሲገባ እኔ ውጭ ቆሜ ጎማዎቹ ሥር ያለውን እንጨት እየደጋገምኩ በእግሬ እገፋ ነበር። ሻፍቱ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ገብቶ ዲፈረንሻሉ፣ ሻፍቱ የሚገባበት የኋላው ብረት፣ ቀና እንዲል ተደረገና ገጠመ።

ያው መንገድ ላይ ወጣን። አልጮኸችም። ባለቤቴ ፍጥነት ጨመረ፤ አሁንም ዝም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዝምታው ራሱ አስፈራኝ፤ ድምፁ ቢያንስ የት እንዳለ ይነግረኝ ነበር።

ሥራው ተመለሰለት፣ በዚያ ሻፍት ብዙ ዓመት ቆላ ወርዶ ወጣ። አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረውም። አማቴ ግን ከዚያ ወዲያ አልተሳፈሩባትም። «እኔ በታክሲ እሄዳለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ይላሉ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ። እውነት ለመናገር፣ አብሬያቸው ታክሲ የያዝኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።