መቃብር ቦታ «አቤት» የምትለው አክስቴ

ዛሬ አክስቴ የወታደሮች መቃብር ውስጥ ቆማ ደጋግማ «አቤት» እያለች አሸማቀቀችኝ።

ለእረፍት አብረን ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ መጥተን ነው። ከድርቁ በኋላ፣ አብዮቱ እንደፈነዳ ዘምቶ በዚያው የቀረው ወንድሟ ጌታቸው የተቀበረው እዚህ ነው።

የመቃብሩ ጥበቃ የድሮ አስር አለቃ ናቸው። ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ መጀመሪያ ያሰልፉታል፣ ከዚያ የሟቾቹን ስም ይጠራሉ። እኔም ሳላስበው ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ።

«ወታደር ታደሰ» አሉ።

«አቤት» አለች አክስቴ።

«ወታደር ሰይድ።»

«አቤት።»

አስር አለቃው ወረቀታቸውን ዝቅ አደረጉ። «እትዬ፣ ስንት ስም ነው ያለዎት?»

«ታዲያ ሰው ተጠርቶ ዝም ይባላል እንዴ?»

«ወታደር ጌታቸው» ሲሉ ግን ዝም አለች። አስር አለቃው ደግመው ጠሩት። አሁንም ዝም።

«ትንሽ ይታገሱት» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ድሮም እንቅልፍ ይወዳል፣ በአንድ ጥሪ አይነሳም።»

አስር አለቃው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መጥተው ከጎኗ ቆሙ።

«አብሽሩ፣ እንጠብቀዋለን።»

እናንተም መቃብር ቦታ ጉድ የሠራችሁ ዘመድ ካላችሁ ጻፉልኝ። ጊዜ አለኝ፤ ይህን የምጽፈው ከሰልፉ ሳልወጣ ነው።