የደግ ቀን ገጽ

ፎርማኑ በሃያ ዓመቱ የመሠረት ጉድጓድ ተደርምሶበት እስከ አንገቱ ተቀብሮ ነበር። ጓደኞቹ በአካፋም በእጅም ጭረው አወጡት። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ቀድሞ የሚያየው ክፉውን ሆነ፤ የላላ ድጋፍ፣ የተሰነጠቀ አፈር፣ የሚያዳልጥ መሰላል። በአርባ ዓመቱ ፊደል ቆጥሮ፣ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ ከነመላው በደብተር ያሰፍር ጀመር። ሠራተኞቹ ደብተሩን “የመርዶ መዝገብ” ይሉታል።

አንድ ክረምት የአንድ ትምህርት ቤት ሶሌታ፣ የአርማታ ጣሪያውን፣ ሊሞሉ ሲጠባበቁ፣ ዝናቡ ሳይታሰብ አራት ቀን ቀጥ አለ። ደብተሩ ስለ ዝናብ ሦስት ገጽ አለው፤ ስለ ፀሐይ አንዲት መስመር የለውም። ብረቱ አልታሰረም፤ ሲሚንቶው መጋዘን ነው፤ ሠራተኛው ተበትኗል። ሰብስቦ ሳይጨርስ ሰማዩ ጠቆረ።

“ደግ ቀን መጥቶ ሰው አጥቶ ተመለሰ” አላት ለሚስቱ።

“ታዲያ እንግዳ ሊመጣ እንደሚችል እያወቅህ ቤት ዘግተህ ትወጣለህ?” አለችው።

ነገሩ ከነከነው። ደብተሩን ገልብጦ ከኋላ በኩል “ምን ሊሳካ ይችላል?” ብሎ ጻፈ።

ቀጣዩ ሥራ የወሊድ ክፍል ነበር። አዋላጇ እናቶችን የምታስተናግደው መስኮት በሌለው የኪራይ ሱቅ ውስጥ ነው። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በእጅ እየተቦካ ሶሌታው አይደርስም። አጠገባቸው ግን መንገድ ሠሪዎች የአርማታ መኪና አላቸው። ፎርማኑ ከኋላው ገጽ ላይ እንዲህ ጻፈ፦ “ቶሎ ከጨረሱ መኪናው ሁለት ቀን ሥራ ይፈታል።” የአለቃቸውን ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ያዘ፤ ብረቱን አሳሰረ፤ መኪናው እንዲገባ የግቢውን በር አሰፋ፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋን በየጠዋቱ የመንገዱን ሥራ እንድታይ አደረገ። በዚህም ሳያበቃ፣ ቶሎ እንዲጨርሱ ሁለት አናጺዎቹን ለሦስት ቀን አዋሳቸው።

ሥራውን የምትቆጣጠረው ወጣት መሐንዲስ ተቆጣች። “ጋሼ፣ የኛ ሥራ እየተጎተተ ለሰው ሠራተኛ ያውሳሉ? ዕድልም በዕቅድ ይያዛል እንዴ?”

“ዕድሉንማ ማን ይይዘዋል ልጄ? እኔ የምይዘው መንገዱን ነው።”

“መንገዱንማ እነሱ ይዘውታል!” አለች፤ ሳትወድ ሳቀች።

ከጻፋቸው አራት ደግ ነገሮች ሦስቱ ውሃ በላቸው። አራተኛው ግን መጣ፤ መኪናው ማለዳ ገባ፣ ሶሌታው በአንድ ቀን ተሞላ። ዝናቡ በስድስተኛው ቀን ወረደ፤ አርማታው ጠጥሮ ጠበቀው። አዋላጇ በወሩ ከሱቁ ወጥታ አዲሱ ክፍል ገባች።

ጡረታ በወጣ ዕለት መሐንዲሷ ከሥራው ሁሉ የሚበልጥበትን ጠየቀችው።

“ሶሌታው አይደለም” አላት። “ሁለቱን አናጺዎች የሰጠሁባት ጠዋት ናት። ያን ጠዋት የሚጎድልብኝን አውቅ ነበር፤ የሚመጣልኝን ግን አላውቅም ነበር። መኪናው ባይመጣ ኖሮም አልጸጸትም ነበር፤ አስቤበት ነዋ የሰጠሁት።”