ከመድኃኒቱ ቀን ጋር ስንሽቀዳደም

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ቱላ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ያደግኩት ደሴ ነው። ሀዋሳን የማውቃት በተማሪነቴ፣ ከግቢያችን እስከ ሐይቁ ባለው መንገድ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከሚኒባስ ወርጄ በእንሰት ጓሮዎች መሃል ያለውን ጭቃ መንገድ ስጨርስ፣ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት የቀራቸው የሲዳማ ሴት ነበሩ። ጫማዬን አዩና፣

«ነገ ቦቲ አድርጊ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ እትዬ አልኳቸው፣ እሳቸው ልጄ አሉኝ፤ ሌላ መተዋወቅ አላስፈለገንም።

ክፍላችን ጠባብ ነበር። ከፊት መድኃኒት የምንሰጥበት መስኮት፣ ከኋላ መደርደሪያ የሞላው መጋዘን። ሥራ ሲቀንስ እትዬ ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ እኔን ደግሞ ሲዳምኛ ያስተምሩኛል። አሮጊቶቹ በአነጋገሬ እየሳቁ መድኃኒታቸውን ይቀበሉኝ ነበር። አሁንም ሲዳምኛ ስናገር የቱላ ሰው አነጋገር አለሽ ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል።

አንድ በጋ የጭነት መኪና መጣ። የጫነው የሳንባ ምች ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጥ፣ በውሃ የሚሟሟ እንክብል ነበር። ያለፈውን ክረምት ሙሉ ስንለምን ያጣነው መድኃኒት ነው። ደስ ብሎን ካርቶኖቹን እያወረድን ሳለ እትዬ አንዱን ገልበጥ አድርገው የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን አዩና መልሰው አስቀመጡት። ከጠየቅነው በብዙ ይበልጣል፤ የቀረው ዕድሜ ግን የጥቂት ወራት ነው። ከአገር አገር፣ ከመጋዘን መጋዘን ሲንከባለል ቆይቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ አርጅቷል።

«መልሰህ ውሰደው» አሉት ሹፌሩን።

«እኔ የታዘዝኩት ማራገፍ ነው፣ እናቴ» አለ። አልፈረድንበትም።

በበጋ የሳንባ ምች የሚይዘው ልጅ ጥቂት ነው። እትዬ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ለሚያውቁት ጤና ጣቢያ ሁሉ መደወል ጀመሩ። አንዱ «እኛም ጋ ሞልቷል» ይላል፣ ሌላው «ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠብቁ» ይላል። በመጨረሻ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ጤና ጣቢያና ገጠር ያሉ ጤና ኬላዎች እሺ አሉን። የጤና ጣቢያችን አለቃም ፈቀዱ። መኪና ስላልነበረ በባጃጅ ማመላለስ ጀመርን። ካርቶኖቹ ወንበሩን ይይዙታል፤ እኔና እትዬ ዳርና ዳር ተጣብቀን በየጉድጓዱ እንዘላለን። ባለ ባጃጁ «ዛሬ ፋርማሲ ነው የጫንኩት» እያለ ለሚያገኘው ጓደኛው ሁሉ ያወራ ነበር። ሐይቅ ዳር ያደረስን ቀን ጭማቂ ቤት ገብተን ሎሚ የተጨመቀበት የአቮካዶ ጭማቂ በማንኪያ እየበላን ተቀመጥን። እትዬ ጫማቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውልቀው ሐይቁን ያዩ ነበር። ኖሬ ኖሬ የዚያን ከሰዓት ያህል ሥራዬን የወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሁሉንም ግን አልጨረስነውም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቀኑ አለፈ። የቀሩትን ካርቶኖች ቀይ ምልክት አድርገንባቸው፣ እስኪወገዱ ድረስ ከሌላው ለይተን ጥግ አስቀመጥናቸው። ምትክ ቶሎ ይላክልን ብለን ጠየቅን፤ አልመጣም።

በሳምንቱ ዝናብ እየጣለ አንድ አባት ልጁን በጃኬቱ ሸፍኖ መጣ። ነርሷ ልጁን ለጊዜው መርፌ ወግታ፣ እንክብሉን ከእኛ እንዲወስድ አባቱን ልካዋለች።

«የለም» አልኩት በሲዳምኛ።

በበጋው ለትልቋ ልጁ ወስዶ ስለነበር ካርቶኑን ያውቀዋል። በመስኮቱ አሻግሮ ጠቆመኝ።

«ያውና እኮ።»

ዞሬ እትዬን ጠራኋቸው። እትዬ ወጥተው አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጡና የልጁን ግንባር ዳሰሱ።

«የዚያ ጊዜው አልፏል» አሉት።

«መቼ አለፈ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ታዲያ መድኃኒት ሳምንት ይቆጥራል?»

እትዬ የልጁን ራስ በጃኬቱ ሸፈኑለት። «እንግዲህ ሊሠራም ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል። የማላውቀውን ነገር ለልጅህ አልሰጥም። እዚሁ ጠብቀን፣ እናመጣልሃለን።»

ሰውየው ልጁን ወደ ደረቱ ሳብ አድርጎ ካርቶኖቹን ያይ ነበር። ያንን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

እትዬ ሲደውሉ ከከተማው ወዲያ ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ዘግይቶ ከተላከ ጭነት ትንሽ እንዳለው ነገሩን። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አስፋልቱን ጎርፍ ሞልቶት ነበር፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ጠፋብንና ወርጄ ገፋሁ። መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ ተመለስኩ። ልጁ የመጀመሪያውን ተፋው። በድጋሚ አሟሙተን ስንሰጠው ዋጠ። አባትየው ያን ጊዜ ነው የተነፈሰው። ለምርመራ ሲመለሱ ልጁ በእግሩ እየተራመደ መጥቶ መስኮቱን በጠጠር ሲያንኳኳ፣ እትዬ ተቆጥተው ሳይጨርሱ ሳቃቸው ቀደማቸው።

ካርቶኖቹን ሊያቃጥሉ የወሰዷቸው ቀን እትዬ ወጥተው አላዩም። «ተደግሶ እንግዳ እንደቀረበት ቤት ነው» አሉ፣ መደርደሪያውን እየወለወሉ። ከዚያ ወዲህ ግን የመድኃኒት መኪና እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቃችን ቀረ። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለየጤና ጣቢያው ይደውላሉ። መጀመሪያ የቤተሰብ ደኅንነት፣ ቀጥሎ የዝናቡ ነገር፣ ከዚያ «ቀኑ የቀረበብሽ ምን አለ? እኔ ጋ ይህ አለ» ይባባላሉ። እያደር የሌሎቹ ጤና ጣቢያ ሠራተኞች ራሳቸው ቀድመው መደወል ጀመሩ። የምናቃጥለውም እየቀነሰ መጣ፤ ጨርሶ ባይጠፋም።

አሁን የምሠራው ከተማ ውስጥ ነው። የመድኃኒቱን ቀን ኮምፒውተር ይነግረናል፤ ጥሩ ነገር ነው። እትዬ ጡረታ ወጥተው ቱላ ቤታቸው አሉ። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ጓሮ ተቀምጠን ስለዚያ ጊዜ ስናወራ አመሸን። ስሰናበታቸው እስከ አጥሩ ሸኙኝና፣

«የዓርቡን ስልክ ማን ይዞታል?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ደስ አላቸው። ሚኒባሱ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ።